በወረርሽኙ ጊዜ የወጣው የጠያቂዎች ደንብ ዛሬም በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የቱ ይቀጥል፣ የቱ ይነሳ?

ከአቶቴ

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ሀዋሳ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን አስተዳደሩ የጠያቂዎችንና የአስታማሚዎችን ደንብ ከልሼ ረቂቅ እንዳቀርብ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ቁጭ ብዬ መጻፍ ስጀምር ግን በአንድ ገጽ የሚያልቅ ጉዳይ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ በሕክምናው በኩልም ሆነ በአስታማሚነት ያለፋችሁበትን ሰዎች ሐሳብ ልጠይቅ ወደድኩ።

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረና በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ እኛም እንደ ሌሎቹ የጤና ተቋማት በራችንን አጠበብን። ማስታወቂያው አጭር ነበር፤ ጠያቂ አይገባም፣ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ ብቻ ይፈቀዳል፣ ሕፃናት አይገቡም፣ አስታማሚ አያድርም፣ ምግብ በር ላይ ይሰጣል። ያን ጊዜ ይህን የተቃወመ ሰው አላስታውስም፤ እኛም ፈርተን ነበር፣ ሕዝቡም ፈርቶ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አዋጁ ጊዜው አልፎ፣ ክትባቱ መጥቶ፣ በመጨረሻም የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሽታው ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ አደጋ መሆኑ አብቅቷል ብሎ ካስታወቀ በኋላ እንኳ፣ የእኛ ማስታወቂያ በፕላስቲክ እንደታሸገ በሩ ላይ ቀረ።

ማንም አልሻረውም፤ በሙሉ የሚያስፈጽመውም የለም። አንዱ የጥበቃ ተረኛ ሦስት ሰው ያሳልፋል፤ ሌላው ከይርጋለም ድረስ የመጣችን እኅት ከበር ይመልሳል። ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው ይገባል፣ የሌለው አጥሩ ሥር ቆሞ ስልክ ይደውላል። እኛ ነርሶች ደግሞ ሰው በበዛም ጊዜ ባነሰም ጊዜ የምንወቀሰው እኛው ነን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ወገን አለው። ከእነዚያ ገደቦች ውስጥ በሽታው ቢያልፍም ሊቀጥሉ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው? ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ፣ በአንድ ቀን ስብሰባ በድንጋጤ ከምንወስን፣ ከአሁኑ ምን ጽፈን ብናስቀምጥ ይሻላል? እኔ ራሴ በአንዳንዱ ነጥብ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ የዋለባቸውን ቀናት ሳስታውስ ደንቡን መውደዴን አልክድም።

የአለታ ልጅ

እኅቴ፣ ጥያቄውን በዚህ መልክ ማቅረብዎ ራሱ ደስ ያሰኛል፤ ደንቡን ከሚጽፍ ሰው ጋር የመነጋገር ዕድል በር ላይ ለቆመ ሰው አይገኝምና።

አባቴ በ2012 ክረምት ላይ ለቀዶ ሕክምና በከተማው ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝቶ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በወቅቱ ሁሉም ጋ ተመሳሳይ ነበር። ሕመሙ ከኮቪድ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። አስታማሚ አንድ ይፈቀዳል ቢባልም፣ በሠራተኞች መካከል በሽታው ስለተገኘ እሱም ለጊዜው ተከልክሎ እኛ ከውጭ ቀረን።

ያየሁትን እንዳለ ልንገርዎ። መድኃኒት ከውጭ ሲታዘዝ ማዘዣውን የሚያመጣልን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ በበሩ ፍርግርግ በኩል የታካሚውን ስም ትጠራለች፣ የሰማ ይቀበላል። ወረቀቱን ይዤ ፋርማሲ ስሄድ ባለሙያው የታዘዘው መጠን እንደሌለ፣ ሌላ መጠን ግን እንዳለ ይነግረኛል፤ ይሁን ወይስ አይሁን የሚለውን መመለስ የሚችለው ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው። ወደ በሩ እመለሳለሁ፤ ጥበቃው ሐኪሙን አያውቀውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ተመልሳ አትወጣም። በዚህ መሐል የመድኃኒቱ ሰዓት አልፏል። የትኛውም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያ ወረቀት ቀድሞ በእኔ እጅ ወጥቶ በእኔ እጅ የሚመለስ ነበር፣ እኔ ስነሳ የተካኝ ማንም አልነበረም።

ከዚህ የባሰው የቋንቋው ነገር ነው። አባቴ ከሲዳምኛ ውጭ ብዙም አይሰማም፣ ጆሮውም ከብዷል። ሐኪሞቹ ማስክ ለብሰው በአማርኛ ሲጠይቁት ለሁሉም «እሺ» ይል እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። ያምሃል ወይ ሲሉት እሺ፣ በልተሃል ወይ ሲሉት እሺ። ከጎኑ የተኛ የአካባቢያችን ልጅ የሆነ ወጣት ባያስተረጉምለት ኖሮ፣ ሽንት መሽናት አቅቶት ማደሩን ማንም ባላወቀ ነበር።

ስለዚህ ረቂቅዎ ላይ «አስታማሚ» ብለው ሲጽፉ፣ ይህ ሰው ወሬ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ እንዳልሆነ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ያበላል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ይተረጉማል፣ መድኃኒት ያመጣል፣ ማታ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ይጠራል። እሱን ከጠያቂ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚከለክል ደንብ፣ ሆስፒታሉ ያለ ደመወዝ የሚያሠራቸውን ሠራተኞች በአንድ ቀን ማሰናበቱን አላወቀም ማለት ነው።

ጓንት

በኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ ከእነዚያ ማስታወቂያዎች አንዱን በእጄ ጽፌያለሁ። የአለታው ወንድማችን የተናገረውን ከመደገፌ በፊት ግን፣ ያን ጊዜ በሩ የተዘጋው በከንቱ እንዳልነበረ መናገር ይገባኛል።

በሽታው ከተያዘ ሰው ላይ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ወይም ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይወስድ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ምልክት ከማሳየቱ በፊት ማስተላለፍ ይጀምራል። በር ላይ ግንባር ላይ የምንደቅነው የሙቀት መለኪያ እንዲህ ያለውን ሰው ሊይዘው አይችልም፤ በዚያ ላይ በሀዋሳ የቀትር ፀሐይ በእግሩ የመጣ ጤነኛ ሰው ግንባሩ ይግላል፣ ትኩሳት ማስታገሻ የዋጠ ታማሚ ደግሞ ግንባሩ ቀዝቀዝ ብሎ ያልፋል። ማስክና ጓንት በጠፋበት፣ ኦክስጅን በተቆጠረበት፣ ክትባት ባልነበረበት ወር የሰውን ቁጥር መቀነስ በእጃችን ከነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ክትባቱ እንኳ በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ ዓመቱ።

ስህተቱ የመጣው የምንቆጥረውን ባለመለየታችን ይመስለኛል። «አንድ አስታማሚ» ብለን ስንጽፍ በአልጋው አጠገብ በአንድ ጊዜ የሚቆመውን ሰው ቆጠርን፤ በሽታ የሚያስገባው ግን በቀን ውስጥ የሚፈራረቁት ሰዎች ብዛት ነው። እኔ በነበርኩበት ተቋም አንዲት የአስታማሚ ካርድ ጠዋት የእናት፣ ቀትር ላይ የአክስት፣ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት፣ ማታ የወንድም ትሆን ነበር፤ በአጥሩ ላይ በፌስታል ተጠቅልላ ስትወረወር ያየኋትም አለች። በመዝገብ ላይ አንድ ሰው ነው፤ በእውነቱ አራት ቤተሰብ፣ አራት ባጃጅ፣ አራት ገበያ ገብቶ ወጥቷል። ገብታ እዚያው የምታድር አንዲት ልጅ ከዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ አደጋ ነበራት፤ እኛ ግን አዳርን ከልክለን መፈራረቁን ፈቀድን። ይህ ነጥብ በረቂቅዎ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ቢይዝ ደስ ይለኛል፤ በወረርሽኝ ጊዜ አስታማሚው አይለዋወጥም፣ ከተለወጠም በቀን አንዴ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ነርሷ እያየች ይሁን።

ሁለተኛው አየር ነው። በሽታው በአየር እንደሚተላለፍ እያደር ግልጽ ከሆነ በኋላም ብዙዎቻችን ወለል በበረኪና ማጠብ ላይ ተጠምደን፣ መስኮቱን ረሳነው። የእኛ ከተማ አየር በቀን መስኮት ከፍቶ ለመዋል የተመቸ ነው፤ ማታ ግን ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ መስኮቱን ያስዘጋል፣ ያን ጊዜ ስምንት ታካሚና ስምንት አስታማሚ በአንድ ክፍል ታፍኖ ያድራል። ለመስኮቶቹ የትንኝ ወንፊት ማሠራት ከማንኛውም የበር ማስታወቂያ የበለጠ የሚጠቅም ወጪ ነው፤ ለወባም፣ ለሳንባ ነቀርሳም ይሆናል። አስተዳደሩ ስለ ጠያቂ ደንብ ጠይቆዎት ስለ መስኮት ሲጽፉለት ግር ሊለው ይችላል፤ ይጻፉለት።

የሌሎች አገሮች ነገር ቢነሳ፣ ለማነጻጸር የሚጠቅም ቢሆንም እንዳለ መገልበጥ የሚቻል አይደለም። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሆስፒታል ጥየቃን ያገደው በአጋጣሚ እኛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጅንበት ቀን ነበር። የእነሱ ወረቀት ግን ከጅምሩ የማይከለከሉትን ጽፎ ነበር፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው የሚሰናበት፣ ከምትወልድ ሴት ጎን የሚቆም፣ የታመመ ሕፃን ወላጅ፣ እንዲሁም የመርሳት ችግር ያለበትንና ያለ ዘመድ የሚታወክን ታካሚ የሚያረጋጋ ሰው ይገቡ ነበር። በኒው ዮርክ አንዳንድ ሆስፒታሎች ባሎችን ከማዋለጃ ክፍል ጭምር ከልክለው፣ በቀናት ውስጥ የግዛቱ አስተዳደር መጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. በትእዛዝ አስቀይሯቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ምጥ የያዛት ሴት ኮቪድ ቢኖርባት እንኳ የመረጠችው ሰው ከጎኗ እንዲሆን መምከሩን አላቋረጠም። ኔዘርላንድ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያዎቿን ዘግታ ከቆየች በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ በ26 ተቋማት ብቻ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የተወሰነ ጠያቂ ፈቅዳ ውጤቱን እያየች ለሌሎቹ ደረጃ በደረጃ ከፈተች። ለመዝጋት የቸኮለ ሁሉ ለመክፈት እንዲህ አልተጠነቀቀም።

ነገር ግን በእነዚያ አገሮች ሆስፒታሉ ያበላል፣ ያጥባል፣ መድኃኒቱንም ከራሱ ፋርማሲ ያወጣል። በሩ ሲዘጋ ታማሚው ብቸኛ ሆነ፤ መከራው ቀላል ባይሆንም ምሳውን ግን በልቷል። እኛ ጋ በሩ ሲዘጋ ምሳ እቃውም አብሮ ውጭ ቀረ። የእነሱን ክልከላ ወስደን የእነሱን ወጥ ቤት ሳንወስድ መቅረታችን ነው የጎዳን። ስለዚህ ወደፊት አስታማሚን የሚያግድ ማንኛውም ውሳኔ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ማን እንደሚያበላና ማን መድኃኒት እንደሚያመጣ ካልጻፈ ፊርማ ሊያርፍበት አይገባም ባይ ነኝ።

ጡረተኛዋ ሲስተር

ልጆቼ፣ ሁላችሁም በሩ እንዲከፈት ስትከራከሩ እኔ ትንሽ ልቃወም።

በሙያው ረጅም ዘመን ኖሬያለሁ፤ ከበሽታው በፊት ክፍሎቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር የረሳችሁ ይመስላል። ቅዳሜና እሑድ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ሰው ይቆማል፤ ቦታ ያጣው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በተኛው ጎረቤት አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ታማሚዋ ቁስሏ ሳይጠግግ፣ እንግዳ ሲመጣ ተኝታ መቀበል ነውር ስለሚመስላት ተነስታ ልቀመጥ ትላለች፤ ወንበር አምጡላቸው፣ ሻይ ቅዱላቸው እያለች አስታማሚዋን ታዝዛለች። የቤተ ክርስቲያን ወገኖች በቡድን መጥተው ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ መልካም ነው፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ነገር ግን ድምፁ ከፍ ሲል ከጎን ያለው የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ልጅ ይረበሻል። ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋው የሚያዩበት ጉብኝት) ሊጀመር ሲል ሰውን ማስወጣት ብቻ ሰዓት ይፈጃል።

እኛ ዘንድ ታማሚን መጠየቅ ዕዳ ነው። «ታምሜ አልጠየቀኝም» የሚል ቂም ስንት ዝምድና እንዳቆረጠ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሰው የሚመጣው ታማሚው ስለፈለገው ብቻ አይደለም፤ ባይመጣ የሚባለውን ፈርቶም ጭምር ነው። ያ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ከዚህ ዕዳ ነጻ አውጥቶት ነበር። ታካሚዎች ራሳቸው በጆሮዬ «ሲስተር፣ ዛሬ ሰው አይገባም በይልኝ፣ ልተኛበት» ብለውኛል። በነርስ አፍ ሲነገር ቂም የለበትም።

ስለዚህ ጠያቂ በታወቀ ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ለአጭር ጊዜ ይግባ የሚለው ይቀጥል። ሕፃናትም እንዳይገቡ የሚለው ይቀጥል፤ ምክንያቱ ግን በትክክል ይጻፍ። ልጅን ከክፍል ያራቅነው ከኮቪድ በፊትም ነበር፤ ኩፍኝ ይዞ ይገባል፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞ ይወጣል። እናቱ ብዙ ጊዜ የተኛችበት ልጅ ሲሆን ግን ወደ ግቢው አውርዳችሁ ጥላ ሥር አገናኟቸው። ይህን በደንብ መጻፍ አያስፈልግም፤ ልብ ያላት ነርስ ታደርገዋለች።

ሁለት ቦታ ላይ ግን እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ፤ በምትወልድና በሚሞት ሰው ላይ። በዚያ ዘመን ቤተሰቡ ውጭ እያለ ውስጥ ያረፈ ሰው ዓይን የጨፈንኩ እኔ ነኝ። እንደ ባለሙያ እንጂ እንደ እናት ወይም እንደ እኅት መሆን አልችልም፣ ባልችልም ሞከርኩ። ደንቡ ምንም ይበል ምን፣ ከዚያ ክፍል አንድ ሰው አይከልከል።

ከአቶቴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ሲስተር፣ የተናገሩት የቂሙ ነገር እኔ በረቂቅ ቋንቋ ልገልጸው ያቃተኝ ነበር።

የጓንትን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ አስታማሚንና ጠያቂን በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ለያይቼ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ይሁንና አፈጻጸሙ ላይ ያልተመለሰልኝ አለ። ደንቡ ምንም ያህል ቢያምር በር ላይ የሚያስፈጽመው ጥበቃ ነው። ጥበቃው ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚለምነውና የሚቆጣው ሰው ብዙ ነው፤ ማንን ማስገባት እንዳለበት የሚወስንበት ወረቀት ግልጽ ካልሆነ ውሳኔው ፊት እያዩ የሚሰጥ ይሆናል፣ ከዚያም እጅ መንሻ ይከተላል። ወቀሳዬ ወደ እነሱ አይደለም፤ ያስታጠቅናቸው ደንብ ነው እንዲህ ያደረገው። ይህን እንዴት ፈታችሁት? የሚያበቃበትን ጊዜስ በምን መልክ ልጻፍ?

መዝገብ ቤት

በጤና ተቋም አስተዳደር ውስጥ ነኝ፤ በአጭሩ ልመልስ።

ጊዜያዊ ደንብ ሲወጣ ከቀኑ ጎን የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። ለምሳሌ ለ14 ቀን ብቻ የሚጸና ሆኖ፣ በ14ኛው ቀን ኃላፊው እንደገና ካልፈረመበት በራሱ የሚቀር ይሁን። በዚህ መልክ ደንቡን ለማቆየት ሥራ ይጠይቃል፤ አሁን ግን ሥራ የሚጠይቀው ማንሳቱ ነው፣ ስለዚህ ማንም አያነሳውም። የሚፈርመው ማን እንደሆነም ይታወቅ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ከኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ጋር ተመካክሮ ቢፈርም ይበቃል፤ የክፍል ነርስ ወይም ጥበቃ በራሱ ሥልጣን የሚጨምረው ክልከላ መኖር የለበትም።

ማስታወቂያው በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ፤ ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ የሚመጣው ታካሚ ስለሚበዛ በአፋን ኦሮሞም ቢጨመር ጥሩ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ አንድ ሰው በቃል የሚያስረዳበት መስኮት ይኑር። ለየት ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ጥበቃው እንዲወስን አይጠየቅ፤ ተረኛ አስተባባሪዋን ጠርቶ እሷ ትወስን፣ ስሟንና ምክንያቱን በመዝገብ ትጻፍ። መዝገብ ያለበት ቦታ እጅ መንሻ ይከብዳል።

የአለታ ልጅ

አንድ የተረሳ ነገር ላክልበት። አስታማሚ አያድርም ሲባል የት እንደሚያድር የጠየቀ አልነበረም። በዚያን ጊዜ መኪናው የሚጭነው ሰው በግማሽ ተቀንሶ ታሪፉ ጨምሮ ስለነበር፣ ማታ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ጠዋት መምጣት የማይታሰብ ነበር። አልጋ ይዞ መክረም የሚችል አለ፤ የማይችለው ግን በአጥሩ ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ያድር ነበር፣ እዚያም እርስ በርሱ ተጠጋግቶ። ከክፍሉ ያስወጣችሁትን መጨናነቅ አጥሩ ሥር አከማቻችሁት ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ጣሪያ ያለው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ያለው ማረፊያ ቢሠራ ለአስታማሚውም ለተቋሙም ይበጃል።

ሲስተርም ትክክል ናቸው። እኔ የተከራከርኩት ለአስታማሚ ነው፤ አባቴም ዘመድ ሲበዛበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ከአቶቴ

እስካሁን የደረስኩበትን ላስቀምጥና ትችታችሁን ልጠብቅ።

በመደበኛው ጊዜ ጠያቂ በቀን ሁለት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል፤ በቡድን ለጸሎት የሚመጡ በግቢው በሚዘጋጅ ቦታ ታካሚው መውጣት ከቻለ ያገኙታል፣ ካልቻለ ሁለት ተወካይ ይገባሉ። አስታማሚ በታካሚው ወይም በቤተሰቡ ተመርጦ ይመዘገባል፣ ማደርም ይችላል። በወረርሽኝ ጊዜ ጠያቂ ሊታገድ ይችላል፤ አስታማሚ ግን የሚታገደው ታካሚው በለይቶ ማከሚያ ሲሆን ወይም ክፍሉ ውስጥ በሽታው ሲገኝ ብቻ ነው። ሲታገድም የምግብ፣ የመድኃኒትና የትርጉም ሥራ ማን እንደሚሸፍን በስም ተጽፎ፣ ቤተሰብ በቀን አንዴ በስልክ የሚነገረው ሰዓት ተወስኖ ነው። የምትወልድ ሴት፣ የሚያጣጥር ታካሚና ሕፃን ታካሚ በማንኛውም ደረጃ አንድ ሰው አይከለከሉም፤ የሚገባው ሰው ማስክና ጋውን ይሰጠዋል፣ አጠቃቀሙንም ነርሷ ታሳየዋለች። እገዳው ለ14 ቀን ይጸናል፣ ካልታደሰ ይቀራል።

የቀረኝ የካርዱ ነገር ነው። ካርዷ ከእጅ ወደ እጅ እንዳትዞር ፎቶግራፍ ይለጠፍባት የሚል ሐሳብ ከአስተዳደሩ መጥቷል፤ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል በኩል ለሚገባ ገበሬ ግን ፎቶ ከየት ይመጣል?

ጓንት

ፎቶውን ይተዉት። አስታማሚውን ለማስመዝገብ ፎቶ ቤት መላክ ሌላ በር መዝጋት ነው፤ ፎቶ ቤቱም ሌሊት አይከፈትም።

እኛ በኋላ ላይ የሠራንበትና የተሻለው፣ እንደ ታካሚው የእጅ መታወቂያ ሁሉ ለአስታማሚውም የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሳይቆረጥ የማይወልቅ የእጅ ማሰሪያ ማድረግ ነው። ሲቀየር አሮጌው በነርሷ ፊት ይቆረጣል፣ አዲሱ ይታሰራል፣ የሁለቱም ስምና ስልክ በመዝገብ ይገባል። በፌስታል ተጠቅልሎ በአጥር አይወረወርም። ማሰሪያው ሲያልቅብን በነጭ የቁስል ፕላስተር ላይ ጽፈን አንጓ ላይ እናስር ነበር፤ ውኃ ሲነካው ስለሚፈዝ በየጠዋቱ መጻፍ ይጠይቃል እንጂ ሠርቷል። የመቀየሪያውን ሰዓት ግን ከጠዋቱ ራውንድ በኋላ ያድርጉት፤ ሐኪሙ የተናገረውን የሰማው ሰው ለሚተካው ሳይነግር እንዳይወጣ።

በረቂቅዎ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የለይቶ ማከሚያ ታካሚም ቢሆን ቤተሰቡ በመስታወት በኩል ወይም በስልክ ምስል የሚያየው በቀን የተወሰነ ሰዓት ይጻፍለት፣ ስልኩም የክፍሉ ይሁን፤ የነርሷን የግል ስልክና የግል ካርድ እንዳታስቡት።